የተማሮች ራዲዮ፤ ድምፁ ከግቢ አልፎ ከየቤቱ ይደርስ ዘንድ

ባገራችን የቀድሞ ሥርዓት ዐዋጅ ነጋሪው ቃሉን ከማሰማቱ አስቀድሞ የሚመለከተው ስፍራውን ነበር። ነጋሪቱ የሚጐሰመው ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ገበያ ወይም ከከፍታ ላይ ነው እንጂ ከገደል ሥር አይደለም። ዐዋጁም «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ተብሎ ይነገር ነበር። በዚህ አጭር ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተጠቃለዋል። አንደኛው የነጋሪቱ ብርታት ነው፤ ሁለተኛው የስፍራው ከፍታ ነው፤ ሦስተኛው ሰምቶ የሚያሰማው ሕዝብ ነው። ዛሬ በአየር ማዕበል ድምፁን ለሚያሰራጭ ሁሉ፥ ይልቁንም ገንዘቡ ጥቂት ለሆነው ለተማሮች ራዲዮ፥ ከነዚህ ከሦስቱ የተለየ መንገድ አልተገኘለትም።

ይህን ነገር በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ሳይመስላቸው አይቀርም። ነገር ግን የተማሮች ራዲዮ ከማንም ይልቅ የቤተ ሰብ ነገር ነው። ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የላከ አባት፥ ልጁ ምን እንደሚያስብና ሐሳቡን በምን ዓይነት ንግግር እንደሚያቀርብ ለማወቅ ይመኛል። እናትም የልጇን ድምፅ ከማድ ቤት ሆና ብትሰማ ደስታዋ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ በድምፅ ማጕያ ፊት የሚቀመጥ ወጣት ለማያየው ሕዝብ ይናገራልና፥ ቃሉን መመዘን፥ ሰዓቱን ማክበር፥ ያልተረጋገጠውን ወሬ መተው ይማራል። ይህ ትምህርት ግን ሰሚ ከሌለው ከንቱ ነው። ድምፁ ከግቢው አጥር የማያልፍ ጣቢያ፥ ተናጋሪዎቹ ርስ በርሳቸው የሚሰማሙበት አዳራሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የጣቢያው ድምፅ ወደ ሩቅ የሚደርስበትን መንገድ፥ እንዲሁም ሩቅ ከደረሰ በኋላ የሚጠበቅበትን ጥንቃቄ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ነገሩ እንዴት እንደ ተዠመረ

በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ ፕሮቪደንስ በምትባለው ከተማ በሚገኘው በብራውን ዩኒቨርሲቲ፥ ጆርጅ አብርሃምና ዴቪድ ቦርስት የተባሉ ሁለት ተማሮች ከመኝታ ክፍላቸው አንዲት ትንሽ ማሰራጫ ሠሩ። ብዙ ገንዘብም፥ ረዥም ምሰሶም፥ የመንግሥት ፈቃድም አልነበራቸውም። ያደረጉት ነገር ይህ ነው፤ ድምፁን በሰማይ ከመልቀቅ ይልቅ በተማሮቹ ማደሪያ ቤቶች መካከል በተዘረጋ ሽቦ ላይ አሳፈሩት። በየክፍሉ ያለ ተራ የራዲዮ መቀበያ ከሽቦው አጠገብ ስለሚገኝ፥ ደካማውን ድምፅ አጥርቶ ሰማ። ከሽቦው ራቅ ሲሉ ግን ድምፁ ወዲያው ይጠፋ ነበር። ስለዚህ የማንንም ጣቢያ አላወከም።

ይህ ብልሃት ወደ ሌሎች ኮሌጆች ፈጥኖ ተዛመተ። በ1940 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ኮሌጆች ጣቢያዎች የጋራ ማኅበር መሠረቱ። ከዚያም በ1948 ዓ.ም. የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሲዮን፥ ኤፍ ኤም በሚባለው የሞገድ ክፍል በ10 ዋት ብቻ የሚሠሩ የትምህርት ጣቢያዎች እንዲከፈቱ ፈቀደ። አንባቢያችን የ10 ዋትን መጠን በዓይኑ ለመመልከት ቢፈልግ፥ የቀድሞው የቤት አምፑል ብዙ ጊዜ የሚያበራው በ40 ወይም በ60 ዋት እንደ ነበረ ያስታውስ። ከአንድ አምፑል ባነሰ ኃይል እነዚያ ተማሮች በዙሪያቸው ወዳሉ ሰፈሮች ዘለቁ። ለነሱ ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ በሽቦ ታስሮ የነበረው ድምፃቸው ለመዠመሪያ ጊዜ ከአጥሩ ወጥቶአልና።

ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1978 ዓ.ም. ይኸው ኮሚሲዮን፥ ጣቢያዎቹ ኃይላቸውን ወደ 100 ዋት ካላሳደጉ፥ ከሌላ ጣቢያ ግፊት ይጠብቃቸው የነበረውን መብት እንዲያጡ ወሰነ። ስለዚህ ብዙ ኮሌጆች ወይ ገንዘብ ፈልገው ማደግ፥ ወይ ብርቱው ጣቢያ ሲመጣባቸው ስፍራቸውን መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ኮሚሲዮኑ ለትንንሽ ጣቢያዎች አዲስ በር ከፈተ፤ ይኸውም ኃይሉ እስከ 100 ዋት፥ የአንቴናው ከፍታ 30 ሜትር ሆኖ፥ በዙሪያው ወደ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በደንብ የሚሰማ ጣቢያ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የድምፅ መስፋት የመኪና ነገር ብቻ ሳይሆን የሕግም ነገር መሆኑን ነው። ሕጉን ያልተከተለ ጣቢያ ዛሬ ቢሰማ ነገ ላይሰማ ይችላል።

ስለ ኃይልና ስለ ከፍታ

የተማሮች ጣቢያ ሠራተኞች ድምፃችን አልደረሰም ብለው ባዘኑ ጊዜ፥ አስቀድሞ ወደ ልባቸው የሚመጣው ሐሳብ ኃይል መጨመር ነው። ኃይሉን እጥፍ ብናደርገው ርቀቱም እጥፍ ይሆናል ብለው ይገምታሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጨለማ ሜዳ መካከል የተሰቀለ ፋኖስ እናስብ። ከፋኖሱ በአንድ ርምጃ ላይ የምናገኘው ብርሃን፥ ሁለት ርምጃ ስንርቅ በአራት እጅ ሰፊ በሆነ ቦታ ላይ ይበተናል፤ ስለዚህ አንድ አራተኛ ብቻ ይደርሰናል። የራዲዮም ማዕበል እንደዚሁ ነው። በእጥፍ ርቀት ላይ ያንኑ ያህል ብርታት ለማግኘት ኃይሉን አራት እጅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህም የሚከለክል ነገር በሌለበት በጠራ አየር ነው፤ በምድር ላይ ቤትና ዛፍ ጕብታም ስላለ ወጪው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከ10 ዋት ወደ 20 ዋት ያደገ ጣቢያ ርቀቱ ቢበዛ አንድ ጊዜ ተኩል ሳይሞላ ይቀራል፤ የመብራቱ ሒሳብ ግን በሙሉ ይጨምራል።

ከፍታ ግን ሌላ ነው። የኤፍ ኤም ማዕበል እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይወዳል። ምድርም ክብ ስለሆነች፥ ዝቅ ካለ ቦታ የተነሣ ማዕበል ጥቂት ሄዶ ከምድሩ ጕብጠት ጀርባ ያለውን ሰሚ ሳይነካ በላዩ ያልፋል። መሐንዲሶች እንደ ቈጠሩት፥ በደልዳላ ሜዳ ላይ አንቴናው ከምድር 10 ሜትር ከፍ ቢል የማዕበሉ አድማስ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 40 ሜትር ከፍ ቢል ወደ 26 ኪሎ ሜትር፥ 90 ሜትር ከፍ ቢል ወደ 39 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከፍታው አራት እጥፍ ሲሆን አድማሱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የሰሚውም መቀበያ አንቴና በጣራ ላይ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ቢተከል፥ የራሱ 13 ኪሎ ሜትር ይጨመርለታል። አድማስ ማለት ግን ማዕበሉ ሊያይ የሚችለው ወሰን ነው እንጂ፥ በዚያ ወሰን ሁሉ ድምፁ ጠርቶ ይሰማል ማለት አይደለም፤ ለመጥራት ኃይሉም ደግሞ ያስፈልጋል። ኃይልና ከፍታ እንደ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቀንበሩን አይስብም። ነገር ግን በብዙ ጣቢያ ዘንድ የሚጐድለው ከፍታው ሆኖ ሳለ ኃይሉ ሲገዛ ይታያል።

እንደኛ ያለ ተራራማ አገር በዚህ ነገር እድልም ችግርም አለበት። የእንጦጦ ራስ ከአዲስ አበባ መካከል ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል፤ እንደዚህ ያለ ከፍታ በሜዳ አገር በብረት ምሰሶ ልሥራ ቢሉት የሚቻል አይደለም። ይሁን እንጂ ተራራ በላዩ ለቆመ ዙፋን ሲሆን፥ ከበስተኋላው ለተቀመጠ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ባንድ ሸለቆ የሚኖር ቤተ ሰብ ጣቢያው ከ8 ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ሳይሰማው፥ ከማዶ ኮረብታ ያለው ዘመዱ በ30 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ቢሰማው አያስደንቅም።

ለጣቢያው ሠራተኞች የሚገባ ምክር

እንግዲህ አንድ የተማሮች ጣቢያ ድምፁን ለማራቅ ቢያስብ፥ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ነገሮች በየተራቸው ቢፈጽም ይጠቀማል።

አንደኛ፤ አስቀድሞ መዞርና መስማት ነው። ሁለት ሦስት ተማሮች ትንሽ መቀበያና መዝገብ ይዘው በየሰፈሩ ይዙሩ። ድምፁ በጠራበት፥ ጕርምርምታ በተቀላቀለበት፥ ፈጽሞም በጠፋበት ስፍራ በካርታ ላይ በሦስት ዓይነት ቀለም ምልክት ያድርጉ። ከቤት ውስጥም ከደጅም፥ በቀንም በማታም ይስሙ። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይገዛምና፥ ይህ ካርታ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ሁለተኛ፤ አንቴናውን ከፍ ማድረግና ዙሪያውን ነጻ ማድረግ ነው። በጣራ ላይ ከብረት የውሃ ጋንና ከሌላ ምሰሶ ጋራ ተጠጋግቶ የቆመ አንቴና ከማዕበሉ ብዙውን ክፍል ያባክናል። ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ከብረት የራቀ እንደሆነ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ከፍ ያለ ነገር ሁሉ መብረቅን ይጠራልና የመብረቅ መከላከያውና ወደ ምድር የሚወርደው ሽቦ አይረሳ። ምሰሶ ላይ መውጣትም ለተማሮች የሚተው ሥራ አይደለም፤ የሠለጠነ ሰው ይጠራ።

ሦስተኛ፤ ከማሰራጫው ወደ አንቴናው የሚወጣውን ገመድ መመርመር ነው። ቀጭን የሆነ ተራ ገመድ 30 ሜትር ያህል ሲረዝም፥ ከኃይሉ ከግማሽ የሚበልጠውን በመንገድ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ 100 ዋት ተከፍሎበት 40 እንኳ ሳይደርስ ይቀራል። ወፍራም ገመድ በአጭር መንገድ መዘርጋት፥ መጋጠሚያውንም ዝናብ እንዳይገባበት አጥብቆ መሸፈን፥ አዲስ ማሰራጫ ከመግዛት ይረክሳል።

አራተኛ፤ የአንቴናው አቋም ነው። በመኪና ላይ ያለው የመቀበያ ዘንግ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የጣቢያው አንቴና ግን የተጋደመ ብቻ ከሆነ፥ መንገደኛው ድምፁን አሳንሶ ይሰማዋል። ሁለቱንም ዓይነት ሰሚ የሚያገለግል አንቴና መምረጥ ይቻላል። ደግሞም ባንድ ወገን ሰው የማይኖርበት ገደል ወይም ባሕር ካለ፥ ማዕበሉን ወደ ሕዝቡ ወገን የሚያዘነብል አንቴና መትከል ኃይል እንደ መጨመር ይቈጠራል።

አምስተኛ፤ ስቴሬዎ የሚባለውን የሁለት ወገን ድምፅ ለጊዜው መተው ነው። ይህ ዓይነት ስርጭት ለዜማ ጌጥ ቢሆንም፥ ድምፁ ከደከመበት ዳርቻ ላይ ጕርምርምታውን እጅግ ያበዛል። ንግግርና ትምህርት የሚበዛበት ጣቢያ በአንድ ወገን ድምፅ ቢያሰራጭ፥ ዳር ያለው ሰሚ ያለ ምንም ወጪ ጠርቶ ይሰማዋል።

ስድስተኛ፤ የክፍሉና የተናጋሪው ሥርዓት ነው። አንዱ ሲጮህ ሌላው ሲያንሾካሹክ፥ በሩም ሲንኳኳ የሚሰማበት ጣቢያ፥ ቅርብ ያለውን ሰሚ ያሰለቻል፤ ሩቅ ያለውንም ያጣዋል። በሩቅ ስፍራ አስቀድሞ በጕርምርምታ የሚዋጠው ዝቅ ያለው ድምፅ ነውና። ተናጋሪው ከድምፅ ማጕያው ርቀቱን ሳይለዋውጥ፥ ቃሉን ሳይውጥ፥ እኩል በሆነ ድምፅ ቢናገር፥ ይህ ብቻውን ለጣቢያው ርቀት ይጨምርለታል።

ሰባተኛ፤ ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ካርታው አሁንም ጕድለት ካሳየ፥ ያን ጊዜ ኃይል ለመጨመር ፈቃድ ይጠየቅ። ያለ ፈቃድ ኃይል መጨመር ጐረቤት ጣቢያን መግፋት ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ክፍል ከሚያልቅበት ከ108 ሜጋ ኸርዝ በላይ ደግሞ የአውሮፕላኖች መሪ ምልክትና መነጋገሪያ ይገኛል። ያልተስተካከለ ማሰራጫ ወደዚያ ወሰን ቢሾልክ፥ የሚያውከው የጐረቤት ዘፈን ሳይሆን የመንገደኞች ሕይወት ነው።

በሰሚው ቤት

የድምፅ መድረስ በላኪው ብቻ አይፈጸምም፤ የተቀባዩም ድርሻ አለበት። ስለዚህ ለቤት እመቤቶችና ለቤት አባቶች ጥቂት ቃል እንጨምራለን። የመቀበያው ስፍራ ከመስኮት አጠገብ፥ ጣቢያው ባለበት ወገን ቢሆን መልካም ነው። ቈርቈሮ ጣራና የብረት መዝጊያ ማዕበልን ይከለክላሉ። ከማቀዝቀዣና ከስልክ ባትሪ መሙያ፥ ካንዳንድ ርካሽ አምፑሎችም ጕርምርምታ ይወጣል፤ ከነሱ ማራቅ ይገባል። በኤፍ ኤም ክፍል መካከል የማዕበሉ ርዝመት ወደ 3 ሜትር ስለሆነ፥ የዚህ ግማሽ፥ ማለት 1 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ሽቦ መካከሉ ላይ ተቈርጦ በሁለት ክንፍ ተዘርግቶ ከመቀበያው ጋራ ቢያያዝ፥ በጥቂት ሳንቲም የሚሠራ መልካም አንቴና ይሆናል። ራዲዮ ባለበት የእጅ ስልክም ብዙ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል፥ ሽቦውን ጠቅልሎ ከመያዝ ይልቅ መዘርጋት ይሻላል። ይህን ትንሽ ነገር ልጆች በቤት ቢሠሩት ለትምህርትም ለጨዋታም ይሆናቸዋል።

የሂውስተን ተማሮች ታሪክ

ድምፁ ሩቅ የደረሰለት ጣቢያ ከችግሩ ሁሉ ያረፈ ለሚመስለው ሰው፥ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ክፍል፥ በሂውስተን ከተማ በሚገኘው በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ነገር እንነግረዋለን።

በ1967 ዓ.ም. የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ከአንድ ማደሪያ ቤት ውስጥ፥ የቤቱን ሽቦ በመጠቀም፥ እንደ ብራውን ተማሮች ያለች ትንሽ ጣቢያ ዠመሩ። በ1971 ዓ.ም. በኤፍ ኤም 91.7 ላይ በ10 ዋት ወደ አየር ወጡ። ኋላም ጣቢያቸው ኬ ቲ አር ዩ ተብሎ ተጠራ። ከዓመት ወደ ዓመት ኃይሉ እየጨመረ ሄዶ፥ በ1991 ዓ.ም. 50,000 ዋት ደረሰ። ሂውስተን ደልዳላ ሜዳ ላይ የተሠራች ሰፊ ከተማ ስለሆነች፥ ከረዥም ምሰሶ በዚህ ኃይል የተላከ ድምፅ የሚከለክለው ተራራ አልነበረም። በመኝታ ቤት የተዠመረው የተማሮች ድምፅ ከአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች በአንደኛይቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። በሌላ ጣቢያ የማይሰማ ዜማና ንግግር የሚወዱ የከተማው ሰዎችም ከተማሮቹ ጋራ ሆነው በጣቢያው ይናገሩ፥ ይረዱትም ነበር።

ነገር ግን ኃይሉ ሲጨምር ዋጋውም ጨመረ። 10 ዋት የነበረችውን ጣቢያ ማንም አይመኛትም ነበር፤ በታላቅ ከተማ ላይ የሚሰማ 50,000 ዋት ግን ብዙ ገዢ የሚፈልገው ንብረት ነው። ፈቃዱም የተጻፈው በተማሮቹ ስም ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ስም ነበር። በ2010 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጣቢያውን ለሂውስተን ዩኒቨርሲቲ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። አስተዳደሩ በበኩሉ ማሰራጫው በሚገባ ያልተሠራበት ንብረት መሆኑን፥ ተማሮቹም በኢንተርኔት ሊቀጥሉ እንደሚችሉ ተናገረ። ተማሮቹና የቀድሞ ተማሮች፥ የከተማው ሰሚዎችም ተቃወሙ፤ ለመገናኛ ኮሚሲዮኑም አመለከቱ። ነገር ግን በሚያዝያ 2011 ሽያጩ ጸደቀ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የተማሮቹ ድምፅ ከ91.7 ላይ ጠፍቶ በስፍራው የጥንታዊ ሙዚቃ ጣቢያ ተተካ። ያም ጣቢያ ቢሆን ብዙ ዓመት ሳይቈይ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ለሌላ ተሸጠ።

ተማሮቹ ግን አልተበተኑም። መዝገባቸውንና የዜማ ሸክላዎቻቸውን ጠብቀው በኢንተርኔት ማሰማታቸውን ቀጠሉ። ለትንንሽ ጣቢያዎች የተከፈተውንም በር ተመልክተው ፈቃድ ለመኑ፤ በጥቅምት 2015 በኤፍ ኤም 96.1 ላይ በትንሽ ኃይል ወደ አየር ተመለሱ። እንግዲህ ከሽቦ ተነሥተው 50,000 ዋት ደርሰው፥ ከዚያም ወርደው እንደገና ከትንሹ ዠመሩ። ማሰራጫውና ምሰሶው ሲሄድ ያልሄደ አንድ ነገር ነበራቸው፤ እርሱም ሰሚዎቻቸውና የሥራ ሥርዓታቸው ነው።

ይህን የምንናገረው አስተዳዳሪዎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ትምህርት ቤት የሚያወጣው ብዙ ወጪ አለበት። የፈቃዱ ባለቤት መለወጥ ብቻውንም ነገሩን አይፈጽመውም። መዠመሪያ በጠቀስነው በብራውን ዩኒቨርሲቲ፥ ከዚያ ከትንሹ ዠማሪ የተወለደው የኤፍ ኤም ጣቢያ የዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የተማሮቹ ማኅበር ንብረት ነበር። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ማኅበሩ ራሱ የ95.5 ሞገዱን ሸጦ በኢንተርኔት ቀጠለ። ስለዚህ የምንለው እንዲህ ነው፤ የጣቢያ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም፤ በዓመታትም ይለካል። ዛሬ ሩቅ የሚሰማ፥ ነገ ግን የሚጠፋ ድምፅ ሩቅ ደረሰ አይባልም።

የወላጆችና የሹማምንት ድርሻ

በእኛም አገር የማኅበረሰብ ራዲዮ ከሕዝብና ከንግድ ራዲዮ ተለይቶ በአዋጅ ቍጥር 533/1999፥ ኋላም ይህን በተካው በአዋጅ ቍጥር 1238/2013፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ በሕግ የታወቀ ነው። እንደ ጅማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የማኅበረሰብ ጣቢያ አቁመዋል። ስለዚህ ከላይ የተነገረው የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ለትምህርት ቤት ጣቢያ ርዳታ ስጡ ተብለው የሚለመኑ ወላጆችና ሹማምንት፥ ገንዘባቸውን ከመስጠታቸው በፊት አራት ጥያቄ ቢጠይቁ መልካም ነው። ፈቃዱ በማን ስም ነው፤ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋስ የማን ምክር ይጠየቃል? ጣቢያው የሚሰማበትና የማይሰማበት ስፍራ በካርታ ተጽፎአልን? መኪናው ቢሰበር የሚጠግነው ማን ነው፤ የመብራቱንስ ዋጋ በየወሩ የሚከፍለው ማን ነው? ዛሬ የሚሠሩት ተማሮች ተመርቀው ሲሄዱ ሥራውን የሚረከቡት እነማን ናቸው?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የተማሮች ጣቢያ ሠራተኞቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ በሙሉ የሚለወጡበት ቤት ነው። አንዱ ትውልድ ተቸግሮ የተማረውን፥ ለምሳሌ የትኛው መጋጠሚያ ዝናብ እንደሚያስገባ፥ የትኛው ሰፈር በየትኛው ሰዓት እንደሚሰማ፥ ጽፎ ካላስረከበ፥ የሚከተለው ትውልድ ያንኑ ችግር እንደ አዲስ ይዠምራል። ስለዚህ በየጣቢያው አንድ የርክክብ መዝገብ ይኑር። የማታውም ስርጭት ሰዓቱ የታወቀና የማይለዋወጥ ይሁን። ዛሬ በአንድ ሰዓት፥ ነገ በሦስት ሰዓት የሚናገር ጣቢያ፥ ኃይሉ ቢበዛም ሰሚውን ይበትነዋልና።

ስለ ኢንተርኔትም ጥቂት እንናገር። በዚህ መንገድ በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ለሥራ የሄደ ወንድም፥ እኅቱ ከትምህርት ቤት ጣቢያ የምትናገረውን በዚያው ሰዓት ሊሰማ ይችላል፤ ይህን ምንም ምሰሶ አያደርገውም። ነገር ግን ሰሚው ሁሉ ለራሱ ይከፍላል፤ ሰሚው በበዛም ቍጥር የላኪው ጭነት ይጨምራል። በአየር የሚላከው ድምፅ ግን አንድ ሰው ቢሰማው ሺህ ሰው ቢሰማው ለጣቢያው ወጪው አንድ ነው፤ ለሰሚውም ትንሽ መቀበያና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ስለዚህ ለቅርቡ አየሩን፥ ለሩቁ ኢንተርኔቱን ይዞ አንዱን በአንዱ መደገፍ እንጂ፥ አንዱን ስላገኙ ሌላውን መጣል ትርፍ የለውም።

ለወላጆች የምንሰጠው ምክር ቀላል ነው። ልጃችሁ በጣቢያው የሚናገርበትን ሰዓት ጠይቁ፤ በዚያም ሰዓት መቀበያውን ክፈቱ። ድምፁ ከቤታችሁ ደርሶ እንደ ሆነ፥ ባይደርስም የቀረበትን ምክንያትና ሰፈራችሁን ጽፋችሁ ላኩለት። ያ ደብዳቤ በካርታው ላይ አንድ ምልክት ይሆናል። የተናገረውንም መልካም ነገር ለጐረቤት ንገሩ። እንዲህ ያለ ሰሚ የበዛለት ጣቢያ ኃይሉ 10 ዋት ቢሆንም አይናቅም፤ የሚጠብቀው ሕዝብ አለውና። ወጣቶቻችን ቃላቸውን መዝነው እንዲናገሩ፥ ቤተ ሰቦቻችንም ጆሮ እንዳይነፍጓቸው ምኞታችን ነው።